ኮማንደር ይማም በሆዱ የሚያስበው

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጀግና መንኮራኩሩ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ስለ ከዋክብት ብዛትና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ያስባል ይባላል። ውሸት ነው። አያስብም። ይህን የምላችሁ ሰው ነጭ ያለውን ጥቁር ማለት ስለምወድ ብቻ አይደለም። እርግጥ እወዳለሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። የምላችሁ ግን፣ ይህን ለማወቅ አንድ ጤነኛ ልጅ ገድዬ፣ ድንኳን አስተክዬ፣ ከሰንበቴ ገበያ በሬ ሻጭ አስመልሼ ስለሆነ ነው። ዕውቀት ዋጋ ያስከፍላል ይላሉ። የኔን ሌሎች ከፈሉልኝ።

ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ምድርን ይህን ያህል ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ሰለቸችኝና ወደ ሰማይ ዞርኩ፤ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ። ጀግናዬ ኮማንደር ይማም ይባላል። መንኮራኩሩ የሚነሳው ከጨፋ ነው። ለምን ከጨፋ? ሜዳ ነዋ! ቦርከናን ተከትሎ የተዘረጋ ይህን የመሰለ ሜዳ እያለ ለምን ባዕድ አገር እሄዳለሁ? የመጀመሪያው ምዕራፍ ግማሹ፣ መንኮራኩሩ ሲነሳ ማሽላቸው የተቃጠለባቸው ገበሬዎች የሚያሰሙት አቤቱታ ነው። ያን ክፍል እስካሁን እወደዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ስሙ።

የጻፍኩትን የማነብለት ለጓደኛዬ ለአህመድ ነው። አህመድ ልብስ ሰፊ ነው። ለደራሲ ከልብስ ሰፊ የተሻለ አድማጭ የለም፤ ሁለት እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ ሁለት እጁ ጨርቁ ላይ ስለሆነ አያመልጥም። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይማም ብቻውን ነው። ምድር ከኋላው የሽንብራ ፍሬ አክላለች። እሱ በመስኮት እያየ «ጊዜ ምንድን ነው? መኖርስ?» ይላል፤ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ። ስድስተኛው ገጽ ላይ አህመድ የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ይሄ ሰውዬ እናት የለውም?» አለኝ።

«እናቱ ምን አገናኛት?»

«እናት ያለው ሰው እንዲህ አያስብም። ይሄ የሚያስበው እንደ ሬዲዮ ነው።»

«አንተ ጠፈር ሄደህ ታውቃለህ?»

«አንተስ?»

ይህ ክርክር ብዙ አላስኬደኝም።

«ብቻውን የኖረ ሰው ጠይቅ» አለኝ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«ከሚሴ ውስጥ ብቻውን የኖረ ሰው ከየት ይመጣል? እዚህ ሰው ብቻውን የሚሆነው ሲቀበር ነው፤ እሱም መንደሩ ሁሉ ከሸኘው በኋላ።»

«የዘሀራ ልጅ ሰይድስ?»

ዘሀራ ጎረቤቴ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ወተትና እርጎ ትሸጣለች። ሰይድ አንድ ልጇ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ካርታ ላይ ሳዑዲን አሳይቼው ነበር፤ ይኸው ሄደ። እዚያ በረሃ ላይ ግመል ይጠብቃል። ውሃ የሚያመጣው መኪና ካልመጣ በቀር የሰው ፊት አያይም። ስልኩ የሚሠራው አንድ ጉብታ አለ፣ እዚያ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

«ከዚህ የበለጠ ጠፈር ምን አለ?» አለ አህመድ። «በሆዱ ያለውን የሚያወራው ለእናቱ ነው። እሷን ጠይቃት።»

ጥሩ ምክር ነበር። እኔን መከራ ላይ የጣለኝ ሁሉ ጥሩ ምክር ነው።

አሁን ስለ መርዶ ትንሽ ልበል። ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም እላለሁ። እኛ ዘንድ ሞት በቀጥታ አይነገርም። «ልጅሽ ሞተ» ብሎ የሚናገር ሰው ከገዳዩ እኩል ይጠላል። መርዶ ነጋሪ በማለዳ ይመጣል፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ብቻውን አይመጣም፤ ቢቻል ሼኽ ያስከትላል። ሰላም ነው ይላል። የቀረበለትን አይቀምስም። ጤና ይጠይቃል፤ ስለ ሩቅ አገር ያነሳል፤ «አንድ ሰው ነበር» እያለ ዳር ዳሩን ይዞራል። ባለቤቱ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ ይጠብቃል። ይህን ሥርዓት ከኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ ፊደል የቆጠረ ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ ለመርዶ ተልኬ ነበር። ሁለት ጊዜም «ለምን ፊት ለፊት አንነግራቸውም?» ብዬ መንገድ ላይ ስለተከራከርኩ ሦስተኛ አልተጠራሁም።

እሑድ በማለዳ ወደ ዘሀራ ቤት ሄድን። በማለዳ የሄድነው ወተቷን ይዛ ሳትወጣ ለመድረስ ነው። አህመድ የተከተለኝ ሐሳቡ የሱ ስለነበር ነው። ሼኽ ኑሩ አብረውን የነበሩት ከመስጊድ ወጥተው ቤታቸው በዚያው በኩል ስለሆነና ያለወሬ መራመድ ስለማይሆንላቸው ነው። ዓይኔ የቀላው አቧራ ስለማይስማማኝ ነው። ሁሉም ምክንያት ነበረው። ምክንያት ግን ግንባር ላይ አይጻፍም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። እኔን አየች፤ አህመድን አየች፤ ከኋላችን ሼኽ ኑሩን አየች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ዘሀራ! አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ። ነጋ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ሰላም ነው።»

አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። ወተት ቀዳችልን። ወተት ሆዴን ስለሚነፋኝ ይቅርብኝ አልኩ። አህመድ የኔን አይቶ ለጨዋነት ሲል ተወው። ሼኽ ኑሩ ደጃፉ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይስባሉ።

«ሰይድ ሰሞኑን ደውሏል?» አልኳት።

«ከደወለ አሥራ አምስት ቀኑ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም። አብሽሪ።»

አብሽሪ! አይዞሽ! ምንም ያልሆነችን ሴት አይዞሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልታየኝም። እኔ የታየኝ አሥራ አንዱ ገጽ ነው። ዘሀራ የወተት ቅሏን እንደያዘች ፊቴ ላይ ተክላ ታየኛለች፤ እኔ ጥያቄዬን ለማሳመር ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

«እትዬ ዘሀራ፣ አንድ ሰው አለ እንበል። በጣም ሩቅ ሄዷል። ከዚያ መመለስ የለም። ብቻውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻው ሲቃረብ በሆዱ ምን የሚያስብ ይመስልሻል?»

ቅሉ ከእጇ ወደቀ። ወተቱ እስከ በሩ ሄደ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» አሉ ሼኽ ኑሩ ከደጅ።

እኚህ ደግ ሰው የኔን ጥያቄ አልሰሙም፤ ለሞት የሚባለውን ያሉት ለፈሰሰው ወተት ነው። ኪሳራም ቢሆን፣ የጠፋ ጫማም ቢሆን እንዲህ ይላሉ። ነገር ግን ከእኔ ጥያቄ በኋላ፣ ከሼኽ አፍ፣ በዚያ ሰዓት! ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ይህን ያህል አያረጋግጥም። ዘሀራ «ልጄን! ሰይዴን!» ብላ ስትጮህ የቀኝ ጎረቤት በቀኝ፣ የግራ ጎረቤት በግራ ገባ።

«አልሞተም!» አልኩ። «ኧረ በአላህ፣ ሰይድ አልሞተም!»

«አሁንማ አንዴ ካወጣኸው ምን ትደብቃለህ?» አለችኝ አንዷ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። እስከዚያ ድረስ ግን ሰይድ ሞተ ያለ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ከሞት ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ «አልሞተም» ብዬ።

ቅሬያችን፣ ማለትም የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችን፣ በዓለም ላይ የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ሌላው ነገራችን ሁሉ ይዘገያል። ቧንቧ ሲበላሽ ሳምንት እንጠብቃለን፤ ለቅሶ ሲሆን ግን ሻይ ሳይፈላ ድንኳን ይቆማል። አግዳሚው መጣ፤ ድስቱ መጣ። የቅሬው ሰብሳቢ መጡና እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«አልሞተም።»

«እሺ፣ የት ነው ያልሞተው?»

«የትም! እኔ ያነሳሁት ሌላ ሰው ነው። ኮማንደር ይማም የሚባል።»

«እሱም አብሮት ነበር?»

«ኮማንደር ይማም የሚባል ሰው የለም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!»

«አስተግፊሩላህ በል፤ መፍጠር የአላህ ነው» አሉኝና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ተዉት ይሄን ሰውዬ። እሱ አዎ ብሎ የሚያውቀው ነገር የለም። አምና ክረምት ዝናብ እላያችን ላይ እየወረደ ‹ይሄ ዝናብ አይባልም› ብሎ ተከራክሮናል። አልሞተም ካለ ሞቷል።»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜ ልኬን ስቃወም የኖርኩት አንድ ቀን እውነት ስናገር እንዲያምኑኝ አልነበረም እንዴ? ለካ ተቃውሞም እንደ ጫማ ነው፤ ሲዘወተር ያልቃል።

አህመድ ሊረዳኝ ተነሳ። ባይነሳ ይሻል ነበር። አግዳሚ ላይ ቆሞ ስለ መንኮራኩሩ፣ ስለ ጨፋ ሜዳ፣ ስለ ተቃጠለው ማሽላ አንድ በአንድ አስረዳ። ሰዉ በጽሞና ሰማውና ሲጨርስ ስልኩን አወጣ። ወሬ ከባቲ ግመል ይፈጥናል። ከኛ ድንኳን «ሰይድ አረፈ» ተብሎ የወጣው ሰንበቴ ሲደርስ ሰይድ ከአውሮፕላን ወድቆ ነበር። ባቲ ሲደርስ በሰማይ ላይ ተቃጥሎ ነበር፤ አብሮት አንድ ኮማንደርና የብዙ ገበሬ ማሽላ ነድዷል። ባቲ ያለችው የዘሀራ እህት ደውላ «ማሽላውን ምን አድርጎ ጫነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሰይድ ራሱ መናገር አለበት። በዘሀራ ስልክ ለሰይድ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ሰው ባየኝ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ለሟች ስልክ የሚደውል ሰው ምን ያህል ቢጎዳ ነው እያለ። አንዱ ስልኩን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወስዶ «በቃህ፣ መምህር፤ የአላህ ሥራ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ተቀመጥኩ። መርዶ ነጋሪ ስለሆንኩ የሚያስቀምጡኝ ከዘሀራ ጎን ነው። እሷ እያለቀሰች ስለ ልጇ ሙሾ ታወርዳለች፤ ምን እንደሚወድ፣ ሲደውል መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅ፣ «ዝናብ ዘነበ ወይ?» እንደሚል፣ ግመሎቹን በመንደራችን ሰዎች ስም እንደሚጠራ፣ አንዷን ነካሽ ግመል በአክስቱ ስም እንደሚጠራት። ለቅሶው መሃል ሰው ሳቁን በነጠላው ይሸፍናል። ከዚያ ያደረግሁትን ልናገር? እናገራለሁ። ብዕር አወጣሁ። እኔ በገደልኩት ሰው ለቅሶ ላይ፣ እኔ ባስለቀስኳት እናት አጠገብ፣ ብጣሽ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ግመሎች፣ የሰው ስም» ብዬ ጻፍኩ። አህመድ እግሬን ረገጠኝ።

«ምን እየጻፍህ ነው?»

«ይማም መሣሪያዎቹን በጎረቤቶቹ ስም ቢጠራቸው…»

«አንተ ሰው አይደለህም» አለኝ። የዚያን ቀን ያልተቃወምኩት ንግግር ይሄ ብቻ ነው።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ቀና ስል ዘሀራ እያየችኝ ነው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ በወደድኩ። የነበረው ልመና ነው።

«መምህር፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ማን ነገረህ? ማን ቀበረው? ግመሎቹ ብቻ ናቸው አብረውት የነበሩት?»

አሥራ አንድ ገጽ ስለ ብቸኝነት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልሞተም ብል አታምነኝም፤ ዝም ብል አረጋገጥኩ። እየማልኩ አልሞተም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከቀትር በኋላ የሰይድ አጎት ከማል ከሰንበቴ ደረሰ፤ በአይሱዙ፣ ከሃያ ሰው ጋር፣ በሬዎቹ አብረውት ተጭነው። ከገዥ ጋር እጅ ሊመታ ሲል ነው መርዶው የደረሰው። ከማል ድምፁ የገበያ ድምፅ ነው።

«ማነው መርዶውን ያመጣው?»

ሁለት መቶ ጣት ወደኔ።

«ሬሳው የት ነው?»

«ሬሳ የለም።»

«ተቃጠለ የሚሉት እውነት ነው?»

«የተቃጠለው ማሽላ ነው። እሱም በልብ ወለድ።»

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ፣» አለኝ፣ ሸሚዜን አንገቴ ላይ እየጨመደደ፣ «የእህቴን ልጅ ሞት በእንቆቅልሽ አልሰማም። ወይ ሰውየውን ታሳየኛለህ፣ ወይ መቃብሩን።»

ይህን እያለኝ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በአንድ እጁ እኔን እንደያዘ በሌላው አወጣና አየው። ፊቱ ተለወጠ። ሸሚዜን ለቀቀ። ስልኩን እንደ እሳት ፍም ከሰውነቱ አራቀው።

«ሰይድ ይላል» አለ።

ስልኩ ይጮሃል፤ የሚያነሳው የለም። በሬ ቀንዱን ይዞ የሚጥል ሰው፣ እኔን በአንድ እጁ ያንጠለጠለ ሰው፣ አንዲት አረንጓዴ ምልክት መንካት አቃተው። ሼኽ ኑሩ በሹክሹክታ ቁርአን መቅራት ጀመሩ። ዘሀራ ግን በሰዉ ላይ ተራምዳ መጣችና ነጠቀችው።

«ማነህ?»

ከማል የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ሁላችንም ሰማን።

«እማ? እማ፣ አንቺ ነሽ?» ልጁ ያለቅሳል። «አልሞትሽም?»

«አንተ አልሞትህም?»

«እኔማ እዚሁ ነኝ! አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው!»

ነገሩ ኋላ ተብራራ። ባቲ ያለው የአክስቱ ልጅ የውሃ መኪናውን ሹፌር ስልክ ያውቃል፤ ደውሎ «የሰይድ ቤት ድንኳን ተተክሏል፤ እንዴት ሆኖ ነው?» አለው። ሹፌሩ የኛው የወሎ ሰው ነው። ውሃውን ይዞ ሲደርስ ሰይድን ግመሎቹ መሃል ቆሞ አየዋ! እንግዲህ ድንኳን ካለና ሰይድ ካልሞተ የሞተችው እናትየው ናት ብሎ አሰበ። የወሎ ልጅ ስለሆነ ደግሞ በቀጥታ አልነገረውም። ከመኪናው ወረደ፤ የቀረበለትን ሻይ አልጠጣም፤ «አብሽር፣ እናትህ ትንሽ አሟት ነበር» አለው። ሰይድ ለአጎቱ ሊደውል ወደዚያ ጉብታ የሮጠውን ሩጫ ግመል አይሮጠውም።

ዘሀራ ልጇ መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ወዲያው ወደ ቁጣ አለፈች።

«ታዲያ አሥራ አምስት ቀን ምን አፍህን ያዘው? አንተ ዝም ስትል እዚህ ገደሉህ እኮ!» ከዚያ ስልኩን ወደኔ ዘረጋችው። «ይኸው። የምትጠይቀውን ራሱን ጠይቀው።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ማፈር ነበረብኝ። ግን ደራሲ ነኝ።

«ሰይድ፣ ልጄ፣ እንዴት ነህ? እ… ብቻህን ስትሆን፣ ያ ሁሉ ሰማይ በላይህ ሆኖ፣ በሆድህ ምን ታስባለህ?»

ነፋሱ ይሰማል፤ አንድ ግመል ያጉረመርማል፤ ያቺ ነካሿ ትሆናለች።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ?»

«እውነቱን።»

«የሄድኩ ቀን ቸኩዬ ነበር የወጣሁት። የጥጆቹን ጋጣ ዘግቼው ይሆን፣ አልዘጋሁት ይሆን? እሱን ነው የማስበው። አራት ዓመቴ። እማን እንዳልጠይቃት ፈራሁ።»

ዘሀራ ስልኩን መልሳ ነጠቀችው።

«አልዘጋኸውም! ጥጃዋ ወጥታ እናቷን ስትጠባ አድራ፣ በማግስቱ ለገበያ አንድ ጠብታ አልተረፈኝ! አራት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በለቅሶ፤ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየሁም። ይኸውላችሁ። ከዋክብት የሉ፣ ጊዜ የለ፣ መኖር የለ። የጥጃ ጋጣ።

ድስቱ ስለበሰለ፣ የተተከለ ድንኳንም ያለ ዱዓ ስለማይነቀል፣ ለቅሶው ወደ ምስጋና ተዛወረ። ሲበላ ሲጠጣ ከቆየ በኋላ ግን የኔ ጉዳይ ተነሳ። ከማል ከቅሬው ልባረር አለ። ቅሬ የሌለው ሰው ማለት ማንም የማይቀብረው ሰው ማለት ነው፤ ዋዛ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና ዘሀራን ምን ካሳ ትፈልጊያለሽ አሏት።

«ያ ሰውዬ፣» አለች፣ «ሰማይ የሄደው። መጨረሻው ምንድን ነው?»

መልስ ሳልሰጥ አህመድ ቀደመኝ። «ይሞታል። ሃያኛው ምዕራፍ ላይ።»

«እትዬ ዘሀራ፣ እሱ እኮ የለም…» አልኩ።

«አውቃለሁ እንደሌለ። አላበድኩም» አለችኝ። «የኔም ልጅ ከማለዳ እስከ አስር ሰዓት አልነበረም። ምን እንደሚመስል አይቸዋለሁ። ካሳዬ ይሄ ነው፤ ሰውየውን ለእናቱ ይመልስላት።»

«ሥነ ጽሑፍ በሽማግሌ አይታዘዝም!» ብዬ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ ሁለት መቶ ሰዎች።

ሼኽ ኑሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ ይማምን በሰላም ወደ አገሩ መልሰው!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ። ከማል ከሁሉ በላይ።

እስከ ዓረፋ ጊዜ ሰጥተውኛል። አሥራ አንዱን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት፤ እሱ አያሳዝነኝም። ችግሩ ሰውየውን መመለሱ ነው። መንኮራኩሩ ነዳጅ ጨርሷል፣ ያለበት ቦታ ለብርሃን እንኳ ሩቅ ነው፣ የማውቀው ጂኦግራፊ ደግሞ እስከ ቀይ ባሕር ነው። ዱዓ የተደረገለትን ሰው ልግደለው ብል ስቀበር የሚቆፍርልኝ የለም። ስለዚህ እናንተ አንባቢዎች፣ ጽሑፉ ቢጥማችሁ ባይጥማችሁ ግድ የለኝም፤ ፊዚክስ የተማረ ካላችሁ ግን ነዳጅ የጨረሰ መንኮራኩር የሚመለስበትን መንገድ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ምክር አልፈልግም። መንገዱን ብቻ።